ውሃ ሲበዛ የሚጠቀለለው ትእዛዝ

አንድ ንጉሥ ነበር። ግዛቱ ከተራራው ሥር እስከ ሜዳው ዳርቻ የተዘረጋ፣ ሕዝቡ በመስኖ የሚያለማ፣ ራሱም ክፉ ያልሆነ ንጉሥ ነበር። ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ግን ቃሉን ነበር። በቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከአባት ከአያቱ የወረሰው አንድ ትልቅ መዝገብ ነበረው። ጡብ ከመጠፍጠፍ እስከ ማር መቁረጥ፣ በአገሩ የሚሠራው ሥራ ሁሉ አሠራሩ በዚያ መዝገብ ተጽፏል። መዝገቡ ከተቀመጠበት ክፍል ወጥቶ አያውቅም። ሥራ ሲያስፈልግ ጸሐፊዎች የሚፈለገውን ገጽ ብቻ በብራና ላይ ይገለብጡና ቅጂው ሥራው ወዳለበት ቦታ ይላካል። ቅጂው ሲደበዝዝ ይጣላል፤ ሌላ ይመጣል።

በየሥራው ቦታ አንድ አንባቢ ይመደባል። ማለዳ ተነሥቶ የተሰቀለውን ትእዛዝ ጮክ ብሎ ያነባል፤ ያነበበውን ይሠራል፤ በቃ። ያልተነበበ አይሠራም፣ የተነበበ አይቀርም። ትእዛዙን በቃሉ ቢይዘው እንኳ በየማለዳው ሳያነብ እጁን ማንሣት አይችልም። ንባቡም የሚጀመረው ማኅተሙ ካለበት ከብራናው ራስ ነው። ቀድሞ አንዳንድ ብልጣብልጦች ከመሃል እየጀመሩ የሚጥማቸውን መስመር ብቻ ያነቡ ስለነበር ነው ይህ የተደነገገው። ብራናውን በጉልበት መጎተትና መግለጥም ክልክል ነበር፤ ይኸኛው ደግሞ አንዱ "ተቀደደብኝ" ብሎ ግማሹን ትእዛዝ ካስቀረ ወዲህ የመጣ ነው። እንግዲህ እያንዳንዱ ሕግ የራሱ ሌባ አለው፤ ሌባው ይሞታል፣ ሕጉ ግን ይኖራል።

በሜዳው ራስ ላይ የወንዙን ውሃ ወደ እርሻው የሚያስገባ የእንጨት በር ነበር። በሩ ሲከፈት ውሃው ወደ ሜዳ ይገባል፤ ሲዘጋ ወንዙ በገዛ መንገዱ ቁልቁል ይሄዳል። የዚህ በር አንባቢ ጎሹ ይባላል፤ ጎልማሳ፣ ዝምተኛ፣ ማንንም አስቀይሞ የማያድር ሰው ነበር። ትእዛዙ የተሰቀለው በበሩ አጠገብ ባለች ጠባብ ጎጆ ውስጥ ነው። እርሻው ጠጥቶ የተረፈው ውሃ ዞሮ ወደ ወንዙ የሚመለሰው በዚህች ጎጆ ወለል ሥር ነበር። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትፈለጋለች።

ትእዛዙ እንዲህ ይላል፦ "በሩን ክፈት። ውሃውን ወደ ሜዳው ስደድ። ፀሐይ ሳትጠልቅ አትዝጋ።"

ይህን ያጻፈው የንጉሡ አያት ነበር፤ በድርቅ ዘመን፣ ከብት በየሜዳው በሚወድቅበት ጊዜ። ለዚያ ዘመን ደግ ትእዛዝ ነበር። ሕይወት አትርፏል።

ከታሪካችን ሁለት ዓመት በፊት በልጉ ባልተለመደ ሁኔታ ዘነበ። ሜዳው ጠገበ፤ ከጠገበም በኋላ ውሃው መግባቱን አላቆመም። ከበሩ ሥር የበርበሬ መደብ ያላት ዘርፌ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሦስት ልጆች የምታሳድገው በዚያች መደብ ነው። አንድ ማለዳ ቀሚሷን ሰብስባ ውሃ እያቋረጠች ወደ ጎሹ መጣች።

"ጎሹ፣ በናትህ ዝጋው። መደቤ ጠግቧል፤ ሥሩ ሊበሰብስብኝ ነው።"

"አልተነበበም፣ ዘርፍዬ።"

"ምኑ ነው ያልተነበበው?"

"ዝጋ የሚል አልተነበበም። ያነበብኩት ክፈት የሚል ነው።"

"ዓይን የለህም እንዴ አንተ ሰው? ውሃው ቁርጭምጭሚቴን አልፎ እያየኸው!"

ጎሹ ወደ እግሯ ተመለከተ። ከዚያ ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ መቀርቀሪያውን ሳበ። የዘርፌ በርበሬ በአንድ ሳምንት ውስጥ ከሥሩ በስብሶ ወደቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዘርፌ ለጎሹ ሰላምታ ነሳችው። መንገድ ላይ ቢገናኙ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ታልፋለች። እሱም አይፈርድባትም ነበር።

ጎሹ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። "ሜዳው ሞልቷል፣ ትእዛዙ ይቁም" ብሎ ለቦይ ጠባቂው ነገረ። ቦይ ጠባቂው ለቀበሌው ሹም ነገረ፤ የቀበሌው ሹም ለወረዳው፣ ወረዳው ለአውራጃው፣ እንዲህ እያለ ወሬው በሰባት ሰው አፍ ተመላለሰ። አንደኛው ሠርግ ላይ ነበር፤ ሌላው በቅሎው አንክሳበት ነበር፤ አንዱ ደግሞ መጥፎ ወሬ ይዞ ንጉሥ ፊት መቅረብን ስለፈራ "ሜዳው ደህና ነው፣ ትንሽ ረጥቧል" ብሎ አለሳለሰው። በመጨረሻ "አትክፈት" የሚል ቅጂ ተጽፎ ሲደርስ ዝናቡ አቁሞ፣ ፀሐዩ ገርሮ፣ መሬቱ ተሰነጣጥቆ ነበር። ጎሹ አነበበ፤ ዘጋ። በውሃ ያልሞተው ሽንኩርት በጥም ሞተ፤ የጥንቱ "ክፈት" የሚለው ቅጂ ተመልሶ የተሰቀለው ከዚያ በኋላ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ንጉሡ ይህን ሲሰማ አዘነ። ለአዛዡም ነገረው። አዛዡ የቤተ መንግሥቱን ሥራ ሁሉ የሚመራ፣ ታታሪና ቀልጣፋ ሰው ነበር፤ መፍትሔውም ዘወትር አንድ ነው፤ ሰው መጨመር። በሰባቱ ላይ ሰባት ሌላ ጠባቂ ሾመ፤ የኋለኞቹ የፊተኞቹን እንዲጠብቁ። ወሬው ከዚያ በኋላ በአሥራ አራት ሰው አፍ መዞር ጀመረ። ውጤቱን አልነግራችሁም፤ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ብራናው እንምጣ። ለቤተ መንግሥቱ ብራና የሚፍቀው ደምሌ የሚባል ሽማግሌ ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የፍየል ቆዳ ወጥሮ ፍቋል፤ ከሠራው ሁሉ አንድም ተመልሶበት አያውቅም። ከዘርፌ ጎርፍ ሁለት ዓመት በኋላ ግን እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። አንድ ቀን ጸሐፊዎቹ "የበሩ ትእዛዝ ቅጂ ደብዝዟል፣ ብራናው ለነገ ይድረስ" ብለው ላኩበት። ቆዳው ገና ከመወጠሪያው የሚወርድ አልነበረም። በተለይ የአንገቱ ወገን አልደረቀም፤ በአንድ በኩል ሳስቶ በሌላው በኩል ወፍሮ ቀርቷል። ደምሌ አይቶታል። "አልደረሰም፣ ሦስት ቀን ስጡኝ" ማለት ነበረበት። ግን "ሽማግሌው ደከመ" ብለው መወጠሪያውን ለሌላ እንዳይሰጡበት ፈራ። ያለዚያ መወጠሪያ እሱ ራሱ ማን እንደሆነ አያውቀውም። ስለዚህ ዝም ብሎ ሰጠ። ጸሐፊዎቹም የአንገቱን ወገን ራስጌ አድርገው ጻፉበት፤ ማኅተሙ የታተመው፣ "በሩን ክፈት" የሚለው የመጀመሪያው ቃል የተጻፈው በዚያው ባልደረቀው ቦታ ላይ ነበር።

ብራናው በጎጆው ውስጥ ተሰቀለ። ለጥቂት ቀን ደህና ነበር፤ ጎሹም እያነበበ ከፈተ። ከዚያ በተራራው ላይ ዝናብ ጣለ፤ ሜዳው ጠጣ፣ ጠገበ፣ የተረፈውም በመመለሻው ቦይ ዞሮ በጎጆዋ ወለል ሥር መፍሰስ ጀመረ። የጎጆዋ አየር ረጠበ። በማግሥቱ ማለዳ ጎሹ ሊያነብ ሲገባ የብራናው ራስ ፊደሉን ወደ ውስጥ አድርጎ እንደ ጨቅላ የተጨበጠ እጅ ተጠቅልሏል።

ጎሹ ቆሞ አየው። የመጀመሪያው ቃል አይታይም። ማኅተሙም አይታይም። ከታች ያለው መስመር ይታያል፤ ግን ከመሃል ማንበብ አይቻልም። በጣቱ ለቀቅ ሊያደርገው እጁን ዘረጋና ሕጉ ትዝ ብሎት መለሰው። ትእዛዙን እንደ ስሙ ያውቀዋል። ግን ያላየውን "አነበብኩ" ብሎ አያውቅም። ስለዚህ ከጎጆዋ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ በሩም እንደተዘጋ ዋለ።

ወንዙ ሞልቶ እየጮኸ በገዛ መንገዱ ወረደ። የዘርፌ መደብ ግን አልተነካም።

በሁለተኛውም ቀን እንዲሁ ሆነ፤ በሦስተኛውም። በአራተኛው ቀን ሜዳው ትርፉን አንጠፍጥፎ ጨረሰ፤ በጎጆዋ ሥር ያለው ቦይ ደረቀ፤ ብራናው ራሱ በራሱ ተዘረጋ። ጎሹ አነበበ፤ ከፈተ። ሜዳው እስኪጠግብ ጠጣ። ሲጠግብ ብራናው እንደገና ተጠቀለለ። እንዲህ እያለ በልጉ አለፈ። ሰው ሁሉ ተገረመ። "ጎሹ ልብ ገዛ" ተባለ። የዘርፌ በርበሬ ወገብ ድረስ አድጎ አበበ። እሷም ሰላም ባትለውም ነጠላዋን ወደ ፊቷ መሳብ ተወች።

ነገሩ ግን አዛዡ ጆሮ ደረሰ። ከአሥራ አራቱ ጠባቂዎች አንዱ "በሩ በተከታታይ ሦስት ቀን ሳይከፈት ውሏል" ብሎ ነገረው። ሌላ ጊዜ ወሬ ወር ይፈጃል፣ ይኸኛው ግን በአንድ ቀን ደረሰ፤ ሰውን የሚያስከስስ ወሬ እግር አያጣም። ጎሹና ደምሌ ታስረው ቀረቡ። ብራናውም አብሮ መጣ።

በችሎቱ ላይ አዛዡ ቆሞ ከሰሰ። "ጃንሆይ፣ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። ይህ ሰው ቃልዎን ተሰቅሎ እያየ አልፈጸመም። ይህ ሽማግሌ ደግሞ ቃልዎን የሚሸከመውን ብራና አበላሽቶ ሰጠ። የአንባቢው ቀኝ እጅ ይቆረጥ። የሽማግሌው መወጠሪያና መፋቂያ ይቃጠል።"

ጎሹ ይህን ሲሰማ ቀኝ እጁን በግራው ያዘ።

በዚያ አገር ሥርዓት ፍርድ የሚሰጠው ከበታቹ ጀምሮ ነው፤ ትልቁ ቀድሞ ከተናገረ ትንሹ በፍርሃት እሱን ስለሚከተል። መጀመሪያ የተነሣው የሁሉም የበታች የሆነ፣ ሹመት ሳያገኝ ጠጉሩ የሸበተ ዳኛ ነበር። "እኔ ፍርድ የለኝም" አለ። "ከመፍረዳችን በፊት ከበሩ ሥር የሚኖረው ሰው ይጠየቅ።" ሌሎቹ ፈገግ አሉበት። እየተነሡ ሁሉም ከአዛዡ ጋር ተስማሙ። ተራው ንጉሡ ጋ ሲደርስ ንጉሡም "ከበሩ ሥር የሚኖረው ሰው ይጠየቅ" አለ።

ዘርፌ ከሕዝቡ መካከል ወጣች። ጎሹ ስትወጣ ሲያያት ዓይኑን ጨፈነ፤ ቂሟን የምትወጣበት ቀን መጣ ብሎ አስቦ ነበር።

"ጃንሆይ፣ ይህን ሰው ሁለት ዓመት ሰላም ብዬው አላውቅም" አለች። "መደቤን በውሃ ገድሎብኛል። ልጆቼን ሰው ቤት በልተው እንዲያድሩ አድርጓል። ልጥላው ብዬ ጠልቼዋለሁ። ዘንድሮ ግን በርበሬዬ ቆሟል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ሲያስፈልገኝ መጣልኝ፤ ሲበቃኝ ቆመልኝ። የሰው ልጅ እንዲህ ሲያደርግ አይቼ አላውቅም። እጁ የሚቆረጥ ከሆነ ያን ጊዜ ሲከፍት ነበር መቆረጥ የነበረበት፤ አሁን ባለመክፈቱ ከተቆረጠ ግን እግዜር አይወደውም።"

ንጉሡ ወደ ጎሹ ዞረ። "ሜዳው መጥገቡን አውቀህ ነው ያልከፈትከው?"

ጎሹ "አዎ" ቢል ይድን ነበር። ብልህ ይባል ነበር፤ ምናልባትም ይሾም ነበር። "አይደለም፣ ጃንሆይ" አለ። "እኔ አላሰብኩም። አንባቢ ነኝ። ራሱ ተጠቅልሎ መጀመሪያውን አጣሁት፤ አልተነበበምና አልሠራሁም። ያወቀው ብራናው ነው። ግን ሲጠቀለል ደስ ብሎኛል፤ ይህን አልደብቅም።"

"በቃልህስ አታውቀውም?" አለ አዛዡ።

"አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ። በውሸት 'አነበብኩ' ማለት ነው የማላውቀው።"

"ብራና ያውቃል!" ብሎ አዛዡ ሳቀ፤ ችሎቱም ተከትሎት ሳቀ። ንጉሡ ግን አልሳቀም። ብራናው እንዲሰቀል፣ ከሥሩም ሰፊ ገበታ ሙሉ ሙቅ ውሃ እንዲቀመጥ አዘዘ። ዙሪያውን በሸማ ጋረዱት። ችሎቱ ሌላ ጉዳይ ሰምቶ ሲመለስ ሸማው ተነሣ፤ የብራናው ራስ ማኅተሙንና የመጀመሪያውን ቃል ውጦ ተጠቅልሏል። ውሃውን አንሥተው ፀሐይ ላይ አዋሉት፤ ቀስ እያለ ተዘረጋ። "በሩን ክፈት" የሚለው ፊደል እንደገና ታየ። ሁሉም አፉን በእጁ ያዘ።

ንጉሡ ደምሌን ጠየቀው። "ይህን ብልሃት ከየት አመጣኸው?"

ሽማግሌው እንባው መጣ። "ብልሃት አይደለም፣ ጃንሆይ። ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አስቤ አልሠራሁትም። እጄ ደክሞ ነው። አንገቱ ሳይደርቅ አወረድኩት፤ አልደረሰም ለማለትም ፈራሁ። ዕድሜ ልኬን ቀጥ ያለ ብራና ለመሥራት ደክሜ፣ አንድ ጊዜ የተሳሳትኩት ችሎት አቆመኝ።"

አዛዡ አልተረታም። የጠየቀው ጥያቄም ከንቱ አልነበረም። "ጃንሆይ፣ ትእዛዝ መቼ እንደሚነበብና መቼ እንደማይነበብ ራሱ ከወሰነ፣ ንጉሥ ለምን ያስፈልጋል?"

ንጉሡ ተነሥቶ ወደ ብራናው ቀረበ። ቃሉን የሚወድ ሰው መሆኑን አትርሱ።

"አያቴ ያን ትእዛዝ ሲያጽፍ ሕዝቡ ውሃ እንዲያገኝ ብሎ ነበር" አለ። "በውሃ እንዲያልቅ ብሎ አይደለም። እኔ ግን ቃሉን ጠብቄ ሐሳቡን ገደልኩት። አሥራ አራት ሰው ሾሜ አንዱም ሜዳው ጠገበ ብሎ በጊዜው አልነገረኝም። ይህች የፍየል አንገት ግን ማንንም ሳትጠይቅ ከራሱ ከውሃው ሰማች። መናገር ብቻ የሚችል ትእዛዝ ነበረኝ፤ ዛሬ የሚሰማ አገኘሁ። ንጉሥ የሚያስፈልገው እንዲህ ያለውን ለማዘዝ ነው።"

ጎሹና ደምሌ ተፈቱ። ከዚያ ወዲህ የሚወጣ የውሃ ትእዛዝ ሁሉ ራስጌው በደምሌ አሠራር እንዲዘጋጅ ተደነገገ። ሽማግሌው መወጠሪያውን አልተቀማም፤ እንዲያውም አርባ ዓመት የሸሸውን ስሕተት አሁን ተጠንቅቆ መሥራት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ሌላም ጨመረ። ሜዳው ሲጥለቀለቅ ትርፉን ለማፍሰስ የሚያገለግለው ትእዛዝ ቆዳውን ገልብጦ ተሠራለት፤ እሱ ሲደርቅ ይጠቀለላል፣ ሲረጥብ ይዘረጋል። ስለ አሥራ አራቱ ጠባቂዎች ብትጠይቁኝ፣ ዶማ ተሰጣቸው። እጃቸው ለጥቂት ቀን ውሃ ቋጠረ እንጂ ደህና ናቸው።

በርበሬው በቀላ ጊዜ ዘርፌ ሰፌድ ሙሉ ይዛ በበሩ አጠገብ ወዳለችው ጎጆ መጣች። ሰፌዱን በጎሹ ፊት አስቀመጠች።

"እንዴት አደርክ፣ ጎሹ?" አለችው። በሁለት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያው ሰላምታዋ ነበር።

ጎሹ ሰፌዱን አልነካም። "ዘርፍዬ፣ ችሎት ላይ ያልተናገርኩት ነገር አለ" አለ። "ያን ጊዜ ዓይን የለህም እንዴ ብለሽኝ ነበር። ነበረኝ። ውሃው ቁርጭምጭሚትሽን ማለፉን አይቻለሁ። አይቼ ነው የከፈትኩት። ሁሉም ሰው ትእዛዝ ነው ብሎ ይቅር ብሎኛል፤ እኔ ግን ሌሊት ሌሊት እግርሽ ይታየኛል። ዓይን የሌለው ቆዳ ያቆመውን፣ ሁለት ዓይን ያለኝ ሰው አላቆምኩም።"

ዘርፌ አጠገቡ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች።

"አሁን ስላልከው ይበቃኛል" አለች። "ብላ፤ ቃሪያውን ከሥር አድርጌልሃለሁ።"

ታሪኩ እዚህ ያበቃል። ንጉሡም ጎሹም ዘርፌም ተረት ናቸው። ብራናው ግን ተረት አይደለም።

በአፈር ውስጥና በገዛ ሆዳችን ውስጥ የሚኖሩ፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች አሉ። በእያንዳንዳቸው ውስጥ ዲኤንኤ የሚባለው ትልቅ መዝገብ ተቀምጧል። ሥራ ሲያስፈልግ ከመዝገቡ አንድ ገጽ ይገለበጣል፤ ቅጂው አርኤንኤ ይባላል። ራይቦሶም የሚባል አንባቢ ቅጂውን ከራስጌው ጀምሮ ያነባል፤ ያነበበውንም ይሠራል። እሱም እንደ ጎሹ ነው፤ የሚያነበውን እንጂ የሚያስፈልገውን አያውቅም። ነገር ግን በአንዳንዱ ቅጂ ራስጌ ላይ የሚተጣጠፍ ቁራጭ አለ፤ ሊቃውንቱ ራይቦስዊች ይሉታል። ለምሳሌ ቅጂው ቫይታሚን ቢ አንድን ስለ መሥራት የሚያዝ ቢሆን፣ ቫይታሚኑ በሴሉ ውስጥ ሲበዛ ራሱ ቫይታሚኑ መጥቶ በዚያ ቁራጭ ላይ ይጣበቃል። ቁራጩ ይታጠፋል፤ መጀመሪያው ይሸሸጋል፤ አንባቢው የሚጀምርበትን ያጣል፤ ሥራው ይቆማል። ቫይታሚኑ ሲያልቅ ደግሞ ቁራጩ ይዘረጋል። ገና እየተገለበጠ ሳለ ታጥፎ ቅጂውን ከመሃል የሚያስቋርጥም አለ። እንደ ደምሌ ሁለተኛው ብራናም ተቃራኒውን የሚሠራ፣ ሲበዛ የሚከፈት አለ። በመካከል ወሬ አመላላሽ የለም። ትእዛዙ ራሱ ይሰማል።

እኔ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ትእዛዞቼን ማየት ጀምሬያለሁ። ልጄ ከጠገበ በኋላ "ጨርስ" የምለውን። የደከመውን ሰው "በርታ" የምለውን። በድርቅ ዘመን የተጻፉ፣ ያኔ ሕይወት ያተረፉ፣ ዛሬም በየማለዳው የማነባቸው ትእዛዞች አሉኝ፤ ከታች ግን ሜዳው ሞልቷል። ደግ ትእዛዝም ቢሆን "በቃኝ" የሚለውን የማይሰማ ከሆነ ያው ጎርፍ ነው። መስማት ያለበትም ከሹሙና ከወሬኛው ሳይሆን እግሩ ውሃ ውስጥ ካለው ሰው ነው።

ስለዚህ እርስዎን ልጠይቅ። ዛሬ ማለዳ በሩን ሲከፍቱ ከበሩ ሥር ማን ቆሞ ነበር? ውሃው እግሩ ላይ የት ደርሶ ነበር?

አይተውታል። እኔም አይቻለሁ። አይተን ምን አደረግን?